ለሁለት ሺህ ሰው አንድ ወንበር



 ወደዚህ መድረክ የጋበዙኝ የማኅበሩ አስተባባሪዎች ሲደውሉልኝ «ስለ ምርጫ ንገረን» አሉኝ። የትኛው ምርጫ ብዬ ብጠይቅ «ትንሹ» የሚል መልስ መጣ። ደስ አለኝ። ስለ ትልቁ ምርጫ የሚናገር ሰው በዚህች ከተማ ሞልቷል፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው ሁሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይደክመው ያወራል። የሰፈርህን ኮሚሽነር ስም ጥራ ሲባል ግን ወሬ ይለውጣል። እስቲ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ዲሲ የምትኖሩ፣ የኮሚሽነራችሁን ስም የምታውቁ እጃችሁን አውጡልኝ። ጥሩ፣ አውርዱ። ለዛሬ ሥራ አለን ማለት ነው።

የዛሬው ርእሴ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው፤ በተለምዶ ኤኤንሲ የምንለው። ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ወንበሩ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ እኛን የት ላይ እንደሚነካን፣ በመጨረሻ ለወንበሩ የሚወዳደረውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠይቀው። ሦስቱ እኩል አይረዝሙም። መካከለኛው ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘባችን ያለው እዚያ ላይ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ።

ዲሲ ከንቲባዋን መምረጥ የጀመረችው ብዙዎቻችን ከምናስበው በጣም ዘግይታ ነው። ከ1874 እስከ 1967 ድረስ ከተማዋን ያስተዳድሯት የነበሩት ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ነበሩ። ነዋሪው አይመርጣቸውም፣ አያወርዳቸውም። በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሦስቱን አንስተው አንድ ሰው አስቀመጡ፤ እሱም ቢሆን ተሿሚ ነበር። በ1973 መጨረሻ ኮንግረስ ከተማዋ ራሷን እንድታስተዳድር የሚፈቅደውን ሕግ አወጣ፤ በ1974 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ ያን ጊዜ ነው ዋልተር ዋሽንግተን ተመርጠው ከንቲባ የሆኑት። ከዚያው ሕግ ጋር አብረው የተወለዱት የሰፈር ኮሚሽኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች በ1976 ተመረጡ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ መቶ ዓመት ያህል ማንም ሳይጠይቀው የኖረ ነዋሪ፣ ከእንግዲህ ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ይጠየቅ።

ዛሬ ከተማዋ በስምንት ዋርድ ተከፍላለች። በነሱ ውስጥ 46 ኮሚሽኖች፣ በኮሚሽኖቹ ውስጥ ደግሞ 345 ወንበሮች አሉ። እያንዳንዱ ወንበር ወደ 2,000 ሰው ይወክላል። የአንዳንዱ ወንበር ቀጠና ጥቂት ብሎክ ነው፤ ሕንፃው በበዛበት ሰፈር ደግሞ ሁለት ሦስት ትልልቅ አፓርታማ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሥራው ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ደመወዝ የለውም። በፓርቲ ስም አይወዳደሩበትም። ኮሚሽነሩ እዚያው ቀጠና ውስጥ መኖር አለበት፤ ከቀጠናው ከወጣ ወንበሩን ይለቃል።

ሥልጣኑስ? ማዘዝ አይችልም። ፖሊስ አያዝም፣ ግብር አይሰበስብም፣ ፈቃድ አይሰጥም። ነገር ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሰፈሩ ላይ አንድ ነገር ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለባቸው። ኮሚሽኑ በስብሰባ ወስኖ በጽሑፍ አስተያየት ከሰጠ፣ ሕጉ መሥሪያ ቤቱ ለዚያ አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ይኸውም እንደኔ አረዳድ እንዲህ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ አልስማማም ማለት ይችላል፤ ዝም ማለት ግን አይችልም። ለተነሣው ለያንዳንዱ ስጋት ምክንያቱን ጽፎ መመለስ አለበት።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች የሰፈር አስተዳደር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ቀበሌ ነው። ቀበሌ መታወቂያ ይሰጣል፣ ይነፍጋል። ስብሰባ ጠርቶ ካልመጣህ የት ነበርክ ይልሃል። እዚህ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው፤ ባትመጣ የሚጠይቅህ የለም። ይመስለኛል፣ የማንሄደውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። የት ላይ ይነካናል?

ከመጠጥ ፈቃድ ልጀምር፤ ምክንያቱም የዚህች ከተማ ሬስቶራንቶቻችን ከክትፎው ይልቅ በቢራውና በጠጁ እንደሚቆሙ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወይም ዘጠነኛው መንገድ ላይ ቤት ተከራይቷል እንበል። ኪራዩ እየቆጠረ ነው። ማብሰያው ገብቷል፣ ወንበሩ ገብቷል። ሰውየው መጠጥ መሸጥ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሙዚቃ ማሰማት ይፈልጋል። ሲያመለክት መስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በዚያው ጊዜ ለሰፈሩ ኮሚሽን ወረቀት ይላካል። ኮሚሽኑ ከፈለገ ፈቃዱን መቃወም ይችላል። ተቃውሞ ከገባ ነገሩ ወደ ሽምግልና፣ ካልተቻለ ወደ ቦርድ ችሎት ይሄዳል። ያ ሁሉ ሲሆን ኪራዩ አይቆምም።

ስለዚህ አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በስምምነት ውል ነው። ይህን ውል በቅርብ ያያችሁት ጥቂቶች ስለሆናችሁ በዝርዝር ልንገራችሁ። ጥቂት ገጽ ነው። ሙዚቃ በስንት ሰዓት እንደሚያቆም ይጽፋል። ሙዚቃ እያለ በርና መስኮት ይዘጋ ይላል። የጓሮው በረንዳ በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን፣ ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ማታ ሳይሆን ጠዋት እንደሚጣል፣ በር ላይ ተሰልፎ የሚያጨሰውን ሰው ማን እንደሚበትን ይጽፋል። የከተማው ሕግ በአዘቦት ቀን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት መጠጥ ይፈቅዳል። ውሉ ግን ከዚህ በታች ሊያወርድህ ይችላል። እኩለ ሌሊት ላይ ሙዚቃ ይቁም የሚል ውል የፈረመ የሐበሻ ቤት ምን እንደሚሆን አስቡት! የኛ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ኪቦርዱ ገና መሞቁ ነው፣ እስክስታው ገና ነው።

አስቸጋሪው ደግሞ ይህ ነው። የተፈረመ ውል ከፈቃዱ ጋር ይጓዛል። ፈቃዱን ከሌላ ሰው ላይ የገዛ፣ ውሉንም ገዛ ማለት ነው። ቤት ሸጦ አገር ቤት የገባ ሰው ከዓመታት በፊት የፈረማትን አንዲት አንቀጽ አዲሱ ባለቤት የሚያውቃት ተቆጣጣሪ ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ማንበብ ነው፤ ሳይነበብ አይፈረምም። ማንበብ ካቃተን ደግሞ በልጆቻችን እናስነብብ፤ ለሌላው ነገር ሁሉ እነሱን እንጠራ የለም እንዴ?

እዚህ ላይ ፊት ለፊት ልናየው የሚገባ አንድ እውነት አለ። የብዙዎቹ ቤቶች ባለቤቶች ዲሲ አይኖሩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ቤታቸው፣ ወይም አሌክሳንድሪያ። ሱቁ እዚህ፣ ልጆቹ የሚማሩት እዚያ። ኮሚሽነሩን የሚመርጠው ደግሞ ነዋሪው ብቻ ነው። ባለቤቱ ስብሰባ መጥቶ መናገር ይችላል፤ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም፣ መወዳደርም አይችልም። ታዲያ ድምፁ የማን ነው? ከሬስቶራንቱ በላይ ያለውን አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው እህት ናት ባለድምፅ። ሳህን የሚያጥበው ልጅ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ከሆነ። ዘበኛው ነው። እነዚህ ሰዎች የሰፈሩ ባለቤት እንደሆኑ የነገራቸው የለም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

ዜግነት ላላገኙትም ቢሆን በሩ በሙሉ አልተዘጋም። የከተማው ምክር ቤት በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በዲሲ የአካባቢ ምርጫ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቅዷል፤ በ2024 ምርጫም ሥራ ላይ ውሏል። የፕሬዚዳንቱና የሌላው ፌዴራል ምርጫ በሌለበት በተለየ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው የሚመርጡት። ይሁን እንጂ ሕጉ ከኮንግረስ በኩል ብዙ ተቃውሞ የገጠመው ነውና ከመመዝገባችሁ በፊት የአሁኑን ሁኔታ ከምርጫ ቦርዱ አጣሩ። ደግሞ ይህን ለሰው ሳትነግሩ እንዳትሄዱ፦ ለዜግነት የሚሞላው ቅጽ በማንኛውም ምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ጥገኝነት ያላችሁ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። አንዲት ድምፅ ከዜግነታችሁ አትበልጥም።

ስለ ዘጠነኛው መንገድ ጀምሬያለሁና አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። አዳምስ ሞርጋን ላይ ኪራይ ሲወደድ ብዙ ነጋዴዎቻችን ወደ ዩ ስትሪት አካባቢ ወረዱ። በ2005 አካባቢ ከመካከላችን የተወሰኑ ሰዎች ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ በዩና በቲ መካከል ያለው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ይሰየም ብለው ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ በ2002 ተደርጓልና እዚህም የማይሆንበት ምክንያት አልታያቸውም። ጎረቤቶቻችን ግን ብዙዎቹ ተቃወሙ። የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሩ የራሱን ቲያትርና የራሱን ባንክ ያቆመበት፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ የነደደ፣ ከዚያ ለሜትሮ ተብሎ ለዓመታት የተቆፈረ ሰፈር ነው። ያን ሁሉ ችለው የቆዩ ሰዎች፣ ሰፈሩ ሲያገግም ስሙ ወደ ሌላ ሊሄድ ነው ብለው አዘኑ። ስያሜው ያን ጊዜ በይፋ ሳይጸድቅ ቀረ።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን የሚቆጡ እንዳሉ አውቃለሁ። ዘረኝነት ነው ሲሉም ሰምቻለሁ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቤት ከፍተን ሰፈሩን አሙቀናል፤ ያ ሐቅ ነው። ነገር ግን ስማቸው በሰፈሩ ታሪክ ላይ ያለ ሽማግሌዎች ወር በወር ከሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ አልነበርንም። በሩን ያንኳኳነው ስም ስንፈልግ ነው። ዓመታት ሙሉ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አይጡ አብሯቸው ሲወያይ የኖረ ሰው ቢጠይቃቸው ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ጥያቄው ግን ሌላ ይሆን ነበር።

የታክሲውንም ታስታውሳላችሁ። በ2008 ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ የዞኑን ዋጋ አንሥተው ሜትር አስገቡ። የኛ ሾፌሮች ምን ያህል እንደተቆጡ ለናንተ አልነግርም፤ ግማሻችሁ መሪውን ይዛችሁ ነበር። በ2010 ፌንቲ ሲሸነፉ የኛ ሰዎችም በአማርኛ ሬዲዮ ሳይቀር ቀስቅሰዋል። ያ ጥንካሬ ነበር፤ አልክድም። ግን አስቡት፣ እኒህ ሰው ከተማዋን የመምራት ሥራ የጀመሩት ከየት ነው? ከሰፈር ኮሚሽነርነት ነው፤ ዋርድ 4 ውስጥ። ከሳቸው በኋላ የምክር ቤቱን ወንበር የወሰዱት፣ በ2015 ከንቲባ የሆኑት ሙሪየል ባውዘርም የሰፈር ኮሚሽነር ነበሩ። ስልካቸውን ራሳቸው በሚያነሡበት ጊዜ ብንተዋወቃቸው ኖሮ ከንቲባ ሆነው ለመገናኘት ሰልፍ ባላስፈለገን።

ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ብስክሌት መስመር፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ስለሚወጣ ጠረጴዛ፣ ስለ ዞኒንግ መናገር ይቻላል፤ ሁሉም በዚያው ኮሚሽን በኩል ነው የሚያልፉት። መንገዱ አንድ ነው፦ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ኮሚሽኑ ይሰበሰባል፣ ያልተገኘ ሰው ጉዳዩ ያልፈዋል። ሕጉ ኮሚሽኖች በዓመት ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ በግልጽ እንዲሰበሰቡ ያዛል። ዘጠኝ ጊዜ ባዶ ወንበር ማየት የለመደ ኮሚሽነር አሥረኛው ላይ ስለኛ እንዲያስብ አትጠብቁ።

አሁን ሦስተኛውና የመጨረሻው። የሚወዳደረውን ሰው ምን እንጠይቀው?

መጀመሪያ ለመወዳደር ምን እንደሚያስፈልግ እንወቅ፤ ምናልባት ከዚህ አዳራሽ የሚነሣ ይኖር ይሆናል። በቀጠናው የተመዘገበ መራጭ መሆንና የድጋፍ ፊርማ ቅጹን፣ ማለትም ፔቲሽኑን፣ ከማስገባት በፊት ቢያንስ 60 ቀን እዚያ መኖር ያስፈልጋል። ፔቲሽኑ 25 ፊርማ ይጠይቃል። ቅጹ ጁላይ ላይ ይወጣል፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ይመለሳል፤ ምርጫው ኖቬምበር ነው። 25 ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፈራሚው በዚያው ቀጠና የተመዘገበ መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማችሁ ሃምሳ ሰው ብታስፈርሙ፣ አርባ አምስቱ ሜሪላንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የአምስቱም አድራሻ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላ ቀጠና ይሆንና ይሰረዛል። ይህ ፔቲሽን በደረጃ ላይ ነው የሚሞላው፤ ሕንፃ ገብቶ፣ ፎቅ በፎቅ፣ በር በር እያንኳኩ። ለዚህ ወንበር ከአንድ ሰው መቀበል የሚቻለው መዋጮ 25 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ሀብታም አይፈራም። የሚፈራው ጫማው ያለቀበት ነው።

ብዙ ወንበሮች ላይ አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነው የሚቀርበው። አንዳንዱ ላይ ማንም አይቀርብም፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ ሳይታተም በእጅ ተጽፎ የሚያሸንፍም አለ። ተፎካካሪ ባለበትም ቢሆን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ አፓርታማ የሚሞላው ሰው ነው። ሁለት ሦስት ቤት ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣው የኛ ሰው ድምፅ ብቻ ውጤት ይቀይራል።

እንግዲህ ጥያቄው። የኛ ሰው ዘንድ መጀመሪያ የሚመጣው «የኛ ልጅ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ይቅር አልልም፤ የሰው ባሕርይ ነው። ግን ያ ብቻውን የትም አያደርሰንም። የኛ ልጅ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ስብሰባ የማይገኝ ሰው ከባዕድ ይብሳል፣ ምክንያቱም ወቅሰን አናባርረውም፤ እናቱን እናውቃታለን።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሳትመረጥ በፊት ስብሰባ ተቀምጠህ ታውቃለህ? ወንበሩ ላይ ካለህ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በመዝገቡ ላይ ስንት ጊዜ ተገኝተሃል፣ ምን ላይ ድምፅ ሰጥተሃል? ወንበሩን ለምክር ቤት መወጣጫ ብትፈልገው ጥፋት የለውም፤ ብዙዎች አድርገውታል። ግን ሁለቱን ዓመት ትጨርሳለህ ወይስ ስድስተኛው ወር ላይ ትጠፋለህ? ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያው ቤት የኖሩት አሮጊት አሜሪካዊት ሲደውሉ ታነሣለህ ወይስ የምታነሣው አማርኛ ሲሰማ ብቻ ነው? ዕድር ለረጅም ጊዜ የመራች ሴት ብትወዳደር ግማሹን ሥራ ቀድማ ታውቀዋለች ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ማስታረቅ፣ ሒሳብ ማሳየት፣ የሚጮኸውን ሰው ሳይጮኹ ማስቀመጥ። እንዲህ ያሉ ሴቶች በመካከላችሁ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸው ይነሡ።

ቃል የሚገቡትን ደግሞ ጠንቀቅ ብላችሁ ስሙ። «ኪራይ አስቀንሳለሁ» የሚል ኮሚሽነር አይችልም፤ ሥልጣኑ አይደለም። «ፖሊስ አሰማራለሁ» የሚልም እንደዚሁ። «ፈቃድህ ሲመጣ ከስብሰባው በፊት እደውልልሃለሁ፤ ጎረቤትህንም አገናኝሃለሁ» የሚለውን ግን ይችላል። ትንሽ ነገር ነው፤ ሊጠየቅበትም የሚችለው እሱ ነው።

ከኔ ቀጥሎ ተወዳዳሪዎቹ መድረኩን ይይዛሉና ጊዜያቸውን አልሻማም። ወደ ጥያቄና መልስ ከመግባታችን በፊት ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ላቅርብ፤ ለያንዳንዳችሁ ተወዳዳሪዎች ነው፣ ተራ በተራ መልሱልኝ።

በቀጠናችሁ ውስጥ የመጠጥ ፈቃዱን የሚያሳድስ የሐበሻ ሬስቶራንት አለ። ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃ አለው። ባለቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ አልመረጣችሁም። ከሬስቶራንቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሆስፒታል የምትገባ የኛው እህት ትኖራለች፤ እሷ መርጣችኋለች፣ ፔቲሽናችሁ ላይም ፈርማለች። ስብሰባው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ መጀመሪያ ለማን ትደውላላችሁ? ለሁለተኛው ስትደውሉስ ምን ትሉታላችሁ?